ለጋይንት አቀበትና ለስማዳ ቁልቁለት፦ ያገለገለ ፒካፕ እንዴት እንምረጥ?

ያገለገለ ፒካፕ ለመግዛት ያሰባችሁ ወዳጆች፣ ደላላ ከመጥራታችሁ በፊት እስቲ ቁጭ በሉና ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሌላ አገር ዶፒያ ፒካፕ፣ ማለትም አራቱም ጎማ የሚዞርለትን፣ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ኑሮ አስቦ ነው፤ በሥራ ቀን ከተማ ለመመላለስ፣ በዕረፍት ቀን ጫካና ተራራ ለመውጣት። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ግን ሁለቱም ኑሮ በአንድ ቀን ውስጥ ይገናኛል። ጠዋት ከደብረ ታቦር በአስፋልት ትነሣላችሁ፤ ረፋድ ላይ ጠጠር መንገድ ትገባላችሁ፤ ከሰዓት ዝናቡ ይወርድና ወደ መጨረሻዋ ቀበሌ ለመድረስ ከዋልካ ጋር ትታገላላችሁ፤ ማታ በዚያው መንገድ ትመለሳላችሁ።

ስለዚህ እዚህ የሚያዋጣው መኪና ለሦስቱም መንገድ የሚበቃ፣ ሲበላሽ ደግሞ ነፋስ መውጫ ወይም መካነ ኢየሱስ ባለ መካኒክ እጅ የሚድን ነው። ይህን መለኪያ ከያዛችሁ የቀለም ማማርም የሞዴል አዲስነትም አያታልላችሁም።

መጀመሪያ መንገዱን እንወቀው

ዋናው መስመር ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ፣ በጋሸና በኩል ወልድያ ይደርሳል። በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት ይህ መንገድ ዛሬ አስፋልት ለብሷል። ከእሱ ተገንጥላችሁ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ስትገቡ ነው ነገሩ የሚለወጠው፦ ጠጠሩ ይሳሳል፣ ድንጋዩ ይበዛል፣ ድልድይ የሌለው ወንዝ ይገጥማችኋል።

ከፍታው ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ የጉና ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ስማዳ በደቡብ በኩል ወደ አባይና ወደ በሽሎ ቆላ ሲወርድ ግን ከፍታው ከ1,500 ሜትር በታች ይሆናል።

ይህ አገር ለጭነት ምን ያህል እንደሚከብድ ታሪክ ይነግረናል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ከደብረ ታቦር አስነሥተው በጋይንትና በጨጨሆ በኩል መቅደላ እስኪያደርሱት መጋቢት ገባ። ወራቱን የበላው መንገዱን እየጠረጉ፣ ገደሉን እየሰበሩ መጓዙ ነበር። ዛሬም እዚህ መኪና የሚያልቀው በአቀበት፣ በቁልቁለትና በጭቃ ስለሆነ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። አዲስ አበባ አስፋልት ላይ 200,000 ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና፣ ድንጋይ ላይ ግማሹን ከሄደው የተሻለ ጤና ሊኖረው ይችላል።

ዶፒያው ምን ይሠራል?

ከዋናው ማርሽ ጎን ያለችውን አጭሯን ማርሽ ተመልከቱ። በአዳዲሶቹ ሞዴሎች ላይ በማዞሪያ ተተክታለች። ኤች 2 ላይ ስትሆን ሞተሩ የሚያዞረው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ኤች 4 ላይ የፊቶቹም ይጨመራሉ። ኤል 4 ላይ አራቱም እየዞሩ ፍጥነቱ ከእጥፍ በላይ ይቀንስና ጉልበቱ በዚያው ልክ ይጨምራል።

አብዛኞቹ ያገለገሉ ፒካፖች ኤች 4 ሲገባባቸው የፊቱን እና የኋላውን ካርዳን እኩል እንዲዞሩ ያስሯቸዋል። መኪናው ሲታጠፍ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። እርሻ ጫፍ ላይ ሲዞሩ የውጪው በሬ እርምጃውን ካላሰፋ ቀንበሩ እንደሚጎተት ማለት ነው። ጭቃና ጠጠር ላይ ጎማው ትንሽ ስለሚንሸራተት ጭንቀቱ ይለቃል፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ግን መሄጃ ስለሌለው ጥርሶቹና ካርዳኑ ይሸከሙታል። ስለዚህ ከጋሳይ ወደ ደብረ ታቦር በደረቅ አስፋልት ስትመለሱ ወደ ኤች 2 መልሱት።

ኤል 4ን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ጭቃ ሲይዘው ነው። ትልቁ ውለታው ግን ቁልቁለት ላይ ነው። ወደ ቆላ በሚወርደው ረጅም መንገድ ፍሬን ይዞ መውረድ ሸራውንና ፓዱን ያግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። በኤል 4 ዝቅተኛ ማርሽ ከገባችሁ መኪናውን የሚይዘው ሞተሩ ይሆናል፤ ፍሬኑም ለክፉ ቀን ይቆያል። ኤል 4 የማይገባለት ፒካፕ ለዚህ አገር ግማሽ ፒካፕ ነውና ዋጋው ቢረክስም ተዉት።

አሠራሩን ለመፈተን ጠጠር ወይም አፈር መንገድ ፈልጉ። መኪናውን አቁሙ፣ ፍሪሲዮን ርገጡ፣ ኤል 4 አስገቡ። የቆየ ሞዴል ከሆነ የፊት ጎማዎቹ መሐል ላይ ያሉትን መቆለፊያዎች በእጅ አዙራችሁ መቆለፍን አትርሱ፤ ሁለቱም ሳይነቁ መዞር አለባቸው። ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ንዱ። መሪው ከበድ ካለና ጎማዎቹ ጠጠሩን እየገፉ የሚታገሉ ከመሰላችሁ የፊቱ ዲፈረንሻል በእውነት እየሠራ ነው። ምንም ልዩነት ካልተሰማችሁ የዶፒያው መብራት ቢበራም ኃይሉ ወደ ፊት አልደረሰም። በመታጠፍ ላይ ከፊት ጎማ በኩል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከመጣ ደግሞ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ መጋጠሚያ አልቋል።

ስለ ዋልካ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ጥቁር አፈር ሲርስ ያብጥና ጎማ ላይ ይጣበቃል። የጎማው ጥርስ በጭቃ ከተሞላ አራቱም ቢዞሩ የሚነክሱት አይኖርም። እንግዲያው ከዶፒያው እኩል ጎማውን መርምሩ። ጎኑ ላይ ካሉት ጽሑፎች መጨረሻ አራት አኃዝ ታገኛላችሁ፤ 2319 ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ግን ዕድሜው የገፋ ጎማ ይሰነጠቃልና በአዲስ መተካቱን ከመኪናው ዋጋ ጋር ደምሩ። ለክረምት ካቴና መያዝም ብልህነት ነው።

የትኛው ሞተር?

በዚህ አካባቢ ስም ያላቸው ቶዮታ ሃይሉክስ፣ አይሱዙ ዲማክስ፣ ኒሳን ሃርድቦዲና ሚትሱቢሺ ኤል 200 ናቸው። ሁሉም ሥራ የሚችሉ ናቸው። ልዩነቱን ለማየት የሃይሉክስን ትውልዶች እንውሰድ።

ከ1988 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ከተመረቱት መካከል ኤል ኤን 106 የሚባለው ሞዴል 2.8 ሊትር 3 ኤል የናፍጣ ሞተር አለው፤ የፊት አክሰሉም ወጥ ሆኖ ባሌስትራ ላይ ይቀመጣል። ድንጋይ ላይ የማይበገር፣ አስፋልት ላይ ግን የሚያንገጫግጭ ነው። ከ2004 እስከ 2015 የወጣው፣ ቪጎ የሚባለው፣ ፊቱ በሞላ ስለሆነ ለዕለት ጉዞ ይመቻል፤ ሞተሩም ወይ ተርቦ ያለው 2.5 ወይም 3.0 ሊትር፣ ወይ ተርቦ የሌለው 5 ኤል ነው። ከ2015 ወዲህ ያለው ሬቮ 2.4 ወይም 2.8 ሊትር ተርቦ ይዞ መጥቷል።

ተርቦ ለምን አስፈለገ? 3,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ ጉልበቱ በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። ጉና ሥር ያለውን አቀበት በጭነት ሲወጣ በሁለተኛ ማርሽ የሚያቃስተው ለዚህ ነው። ተርቦ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ይህን ጉድለት በአብዛኛው ይክሳል።

ታዲያ ሁላችን ተርቦ እንግዛ? እዚህ ላይ ነው ማመዛዘን የሚመጣው። የቪጎና የሬቮ ተርቦ ሞተሮች ናፍጣውን በጣም ከፍተኛ በሆነ ግፊት የሚረጩ ኢንጀክተሮች አሏቸው። ማደያ በራቀበት ከበርሜል ወይም ከጀሪካን የሚቀዳ ናፍጣ ውስጥ ያለ ውሃና ደቃቅ ቆሻሻ እነዚህን ኢንጀክተሮች ይጨርሳል፤ መጠገኛውም ብዙ ጊዜ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ነው። 3 ኤል እና 5 ኤል ግን ናፍጣውን ከዚያ ባነሰ ግፊት የሚረጩ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ የቅርብ መካኒክ ያድናቸዋል። ማደያ አዘውትራችሁ የምትደርሱ ከሆነ ተርቦው ያዋጣል። ናፍጣው በጀሪካን የሚመጣ ከሆነ የቆየው ሞተር ይሻላል።

ታይሚንጉን መጠየቅም አይቀርም። 3 ኤል እና 5 ኤል በ100,000፣ የቪጎ ተርቦ ሞተሮች በ150,000 ኪሎ ሜትር የሚቀየር ቺንጋ አላቸው፤ ሬቮ ግን ሰንሰለት ነው። ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ በወረቀት የሚያሳያችሁ ከሌለ በገዛችሁ ሳምንት ቀይሩት፤ እየሄደ ከተበጠሰ ቴስታታውንም ቫልቩንም ይዞ ይሄዳል።

ምን ሲጭን ኖረ?

እንዲህ ያለ ፒካፕ የሚችለው ጭነት 1 ቶን ገደማ ነው፤ ደብል ጋቢናው ከዚያም ያንሳል። በእኛ ቋንቋ ከተሳፋሪው ጋር ተደምሮ ከ10 ኩንታል አይበልጥም። የጋይንትን ድንችና ገብስ ሲያመላልስ የኖረ መኪና ግን ከዚያ በላይ መሸከሙ አይቀርም፤ ባሌስትራ ተጨምሮለት ከሆነም ምልክቱ ይኸው ነው።

ጉዳቱን ለማየት ደልዳላ ቦታ አቁሙትና ከጎን ቁሙ። በጋቢናውና በካሶኒው መካከል ያለውን ክፍተት ከላይ እስከ ታች ተመልከቱ። እኩል ከሆነ መልካም። ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ ሻንሲው ከጋቢናው ጀርባ ጎብጧል፤ የካሶኒው ጅራት ወርዷል ማለት ነው። ከዚያ ሥር ግቡና ባሌስትራው የሚንጠለጠልበትን ቦታ ዳስሱ፤ ብየዳ፣ ስንጥቅ ወይም እዚያ ቦታ ላይ ብቻ የተቀባ አዲስ ቀለም ካገኛችሁ ሻጩን አመስግናችሁ ሂዱ።

ከርዳታ ድርጅት ወይም ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ መኪና ብዙውን ጊዜ ሰርቪሱ በሰዓቱ ተሠርቶለታል፤ መዝገቡንም ታገኛላችሁ። በአንጻሩ ብዙ ሹፌር ተፈራርቆበታል፤ የፍሪሲዮንና የካምቢዮ ድካም ይኖርበታል።

ማለዳ መርምሩት

ነፋስ መውጫ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ለገዢ ግን የማለዳው ብርድ ታማኝ ረዳት ነው። ሻጩ ከመምጣታችሁ በፊት እንዳያስነሣው ንገሩት፤ ስትደርሱም ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት። ሞቅ ካለ ሌላ ቀን ተቀጣጠሩ። በብርድ በቀላሉ የሚነሣ ናፍጣ ሞተር ጤናማ ነው። መጀመሪያ ላይ ነጭ ጭስ ወጥቶ ወዲያው ከጠፋ አያስፈራም፤ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለ ውሃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ይናገራል። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ዳገት ላይ ጥቂት ጥቁር ጭስ ቢያወጣ አየሩ ስለሳሳ ነው፤ ሜዳ ላይም ካጨሰ ግን ፖምፓውና ኢንጀክተሩ ይታዩ።

ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። ጭስ በኃይል ከተፋ ፋሻው አልቋል። ሲበርድ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ፤ ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል። የዲፈረንሻሉን ዘይትም ትንሽ አስፈስሱ፤ እንደ ወተት ከነጣ ወንዝ ሲሻገር ውሃ ገብቶበታል፤ ኩሽኔታዎቹም ተጎድተው ሊሆን ይችላል።

ወረቀቱ

መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ባወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በቆዩ መኪናዎች ላይ ግብሩን አከበደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለ ያገለገለ መኪና ተወዷል፤ ሲወደድ ደግሞ ማጭበርበሩም ይበዛል።

በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ላይ ካለው ጋር በዓይናችሁ አስተያዩ። የሃይሉክስ ሻንሲ ቁጥር በቀኝ የፊት ጎማ አካባቢ ሻንሲው ላይ ተቀርጿል፤ ዙሪያው የተፋቀ ከሆነ አትንኩት። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ ሰነድ ጠይቁ፤ አለበለዚያ ዕዳው በእናንተ ላይ ይወድቃል። ፋይሉ ባለበት መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት አረጋግጡ። በውክልና ብቻ አትግዙ፤ ወካዩ ከሞተ ውክልናው ይቀራል። ውልና ማስረጃ ፊት ተፈራረሙ፣ ስሙንም ቶሎ አዛውሩ።

እንግዲህ ውሳኔው

ኑሮአችሁ ነፋስ መውጫ ወይም ደብረ ታቦር ሆኖ አስፋልቱ የሚበዛባችሁ ከሆነ፣ ተርቦ ያለው ቪጎ ወይም ዲማክስ ደብል ጋቢና ያስደስታችኋል። መካነ ኢየሱስ ሆናችሁ ጠጠርና ዋልካ የሚበዛባችሁ ከሆነ ከሞተሩ ይልቅ ለጥሩ ጎማና ለሚሠራ ኤል 4 ክፈሉ። ስማዳ ውስጥ ወገዳ ሆናችሁ ወደ ቆላ የምትወርዱ ከሆነ ሻንሲው ያልተነካ ባለ 5 ኤል ሃይሉክስ ፈልጉ፤ ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ አሳድሱ። የትም ብትሆኑ ካላችሁ ገንዘብ አንድ አምስተኛውን ለጎማ፣ ለቺንጋ፣ ለዘይትና ለፍሬን አስቀሩ። ሙሉውን ለሻጭ ከፍሎ ባለቀ ጎማ ክረምት ከሚገባ ሰው ይልቅ፣ አንድ ሞዴል ወረድ ብሎ ገዝቶ መኪናውን ያሰናዳ ሰው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሥራው አይቆምበትም።