ለውሻ የሚጋገር ደረቅ ቂጣ፤ የእህሉና የሥጋው አመራረጥ

መግቢያ

በማንኩሳ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው የበቆሎ አገር ውሻ ከቤተ ሰቡ ሥራ የራሱ ድርሻ አለው። ሌሊት በረቱን ከጅብ፣ ቀን ማሳውን ከዝንጀሮና ከጦጣ ይጠብቃል፤ ከእረኛውም ጋር መስክ ይውላል። ሲጠሩት እንዲመጣና ለክትባት ሲያዝ እንዲረጋ ለማለማመድ፣ እንደ ዳቦ ቆሎ የተቆራረጠ ደረቅ ቂጣ ጋግሮ መያዝ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ለውሻ የሚሆነው ምግብ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ለሰው አይሆንም ተብሎ ከተጣለው ነው። ይህ አመራረጥ ውሻውን ከመጉዳቱም በላይ በጎችንና ሕፃናትን ለበሽታ ያጋልጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቂጣው ከምን መዘጋጀት እንደሚገባውና ከምን መራቅ እንዳለበት ማስረዳት ነው።

1. የእህሉ አመራረጥ

በቆሎ፣ ስንዴ፣ ገብስና ማሽላ ለቂጣው ተስማሚ ናቸው። ዋናው ጥንቃቄ ሻጋታን መከላከል ነው። በደንብ ሳይደርቅ ወደ ጎተራ የገባ በቆሎ ይሻግታል፤ ከሻጋታዎቹም አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ያወጣሉ። መርዙ ጉበትን ያጠፋል። በመፍላትም ሆነ በመጋገር አይወገድም፤ ስለዚህ የሻገተው እህል ታጥቦና ተፈጭቶ ቢጋገርም ከአደጋው አይድንም። በ1996 ዓ.ም. በምሥራቅ ኬንያ በዚሁ መርዝ የተበከለ በቆሎ የበሉ 125 ሰዎች ሞተዋል። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ ከተበከለ በቆሎ በፋብሪካ የተሠራ ምግብ የበሉ ብዙ ውሾች አልቀዋል።

የእህሉን ድርቀት በቀላሉ ለመፈተን፣ በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ሲሶው ድረስ የበቆሎ ፍሬ ተጨምሮ ጥቂት ደረቅ ጨው ይታከልበታል። ጠርሙሱ ተከድኖ ለአንድ ደቂቃ ያህል በደንብ ከተናጠ በኋላ ለ15 ደቂቃ ይቀመጣል። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነውና እንደገና ፀሐይ ላይ ሊሰጣ ይገባል።

ከዚህ ሌላ ለቂጣው የማይሆኑት የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. ከዘር የተረፈ ምርጥ ዘር። በመድኃኒት የታሸ ስለሆነ ማናቸውም እንስሳ ሊበላው አይገባም።

ለ. የነቀዝ ማጥፊያ ክኒን የገባበትና የመቆያው ጊዜ ያላለፈ፣ በደንብም ያልተናፈሰ እህል። ክኒኑ እርጥበት ሲነካው መርዘኛ ጋዝ ያወጣል።

ሐ. ግብጦና ጓያ። የግብጦ መራራነት የሚመጣው ከመርዝነት ባሕርይ ካለው ንጥረ ነገር ነው፤ ሰው እንኳ የሚበላው ቆልቶ በወራጅ ውኃ ለቀናት ከነከረው በኋላ ነው። ጓያ ሲዘወተር ሽባ እንደሚያደርግ ይታወቃል።

2. የሥጋው አመራረጥ

በመስቀል፣ በገናና በፋሲካ በየቤቱ በሚታረድበት ጊዜ፣ በቅርጫም ሲከፋፈል፣ ሳንባው፣ ጉበቱና የበጉ ጭንቅላት ጥሬውን ለውሻ መወርወሩ የተለመደ ነው። ሁለት በሽታዎች የሚዛመቱት በዚሁ መንገድ ነው።

የመጀመሪያው አዙሪት ነው። የታመመው በግ አንገቱን አዘንብሎ በአንድ ቦታ ይዞራል፤ አንዳንዱም ይታወራል። ምክንያቱ በአንጎሉ ውስጥ የበቀለ፣ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ነው። በጉ ታርዶ ጭንቅላቱ ለውሻ ሲሰጥ በከረጢቱ ያሉት እጮች በውሻው አንጀት ውስጥ ወደ ትልነት ይለወጣሉ፤ የትሉም እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በግጦሹ ላይ ይበተናል። ሳሩን የጋጠው ሌላ በግ በተራው ይያዛል። አንዱን የታመመ በግ ያረደ ገበሬ ጭንቅላቱን ለውሻው በመስጠት ቀሪዎቹን በጎች ያስይዛል ማለት ነው።

ሁለተኛው በበሬ፣ በበግና በፍየል ሳንባና ጉበት ላይ የሚታየው ሃይዳቲድ የተባለው የውኃ ከረጢት ነው። ይህም በውሻ በኩል ያልፋል፤ ልዩነቱ ሰውንም መያዙ ነው። ውሻውን ሲያሻሽ ውሎ እጁን ሳይታጠብ የበላ ሕፃን የትሉን እንቁላል ሊውጥ ይችላል። ከረጢቱ በጉበቱ ወይም በሳንባው ውስጥ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ውሻው ግን ምንም የሕመም ምልክት ላያሳይ ይችላል።

የአይስላንድ ሰዎች በ19ኛው መቶ ዘመን በዚህ በሽታ እጅግ ተጎድተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1864 ጥሬ የሆድ ዕቃ ለውሻ እንዳይሰጥ የሚያስረዳ አነስተኛ መጽሐፍ ታትሞ ለየቤተ ሰቡ ታደለ፤ ሕግም ተከተለ። በሽታው ከጊዜ በኋላ ከአገሪቱ ጠፍቷል።

ስለዚህ፦

ሀ. ከረጢት የታየበት ሳንባ ወይም ጉበትና የአዙሪት በግ ጭንቅላት ይቃጠል፤ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበርና ድንጋይ ይጫንበት።

ለ. ጤነኛ መስሎ የሚታየውም ቢሆን በትንንሹ ተቆርጦ ውኃው ከፈላ በኋላ ቢያንስ ለ40 ደቂቃ ይቀቀል። በደጋና በወይና ደጋ ውኃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ስለሆነ ጊዜው መቀነስ የለበትም።

ሐ. የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥሮ ጉሮሮና አንጀት ስለሚወጋ ተለቅሞ ይውጣ።

3. ለሰው ሆኖ ለውሻ የማይሆን

ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ለአንድ ኪሎ የውሻ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ቀይ ሽንኩርት ጉዳት ያስከትላል፤ 15 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ሩብ ኪሎ ያህል ሽንኩርት ይበቃዋል ማለት ነው። ስለዚህ ቂጣው በወጥ አይለወስ፤ ጨውና በርበሬም አይግባበት።

የጠላና የአረቄ አተላ አልኮል ስላለበት ለውሻ አይሰጥም። ያልተጋገረ ቡኮ ሊጥም በሆዱ ውስጥ እየተነፋ አልኮል ያወጣል። የአረንጓዴነት ቀለም ያወጣ ድንች መርዝነት አለው። በከተማ ያሉ ደግሞ ከቸኮላት፣ ከወይን ፍሬና ከዘቢብ ይጠንቀቁ።

4. አሠራሩ

አንድ ኪሎ የበቆሎ ወይም የስንዴ ዱቄት፣ ሩብ ኪሎ የተቀቀለና የደቀቀ ሥጋ ወይም ጉበት፣ ሁለት እንቁላልና አንድ ስኒ የተቀቀለ ዱባ ወይም ካሮት ይዘጋጃል። በጾም ወራት በሥጋው ፋንታ በደንብ የበሰለ የአተር ክክ መጠቀም ይቻላል። ይህ ሁሉ ጨው በሌለው መረቅ ወይም በውኃ ይታሻል፤ ሳይቦካም በስሱ ተዳምጦ ይቆራረጥና በምጣድ ላይ በለዘብተኛ እሳት እስኪደርቅ ይቆላል። ከቀዘቀዘ በኋላ በደረቅ ቆርቆሮ ተከድኖ ይቀመጣል። የሥጋ ቂጣ ብዙ ስለማይቆይ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ መጋገር ይሻላል። የሻጋታ ሽታ ካመጣ ይጣል።

ቂጣው ማለማመጃ እንጂ ዋና ምግብ አይደለም። ከቀኑ ምግብ ከአሥር እጅ አንዱን እጅ እንዳያልፍ ይመከራል።

5. የመመረዝ ምልክቶች

ውሻው ምግብ እምቢ ካለ፣ ካስታወከ፣ ድዱ ከገረጣ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ዓይነ ምድሩ ደም ካለበት ምግቡን ወዲያው አቁሞ ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ መውሰድ ያስፈልጋል። የቀረውን እህል ወይም ቂጣ ይዞ መሄድ ለምርመራው ይረዳል። ምልክት ባይታይም የትል መድኃኒት የሚሰጥበትን ጊዜ ባለሙያውን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ከላይ የተጠቀሱትን ትሎች ከውሻው አንጀት ያጠፋል።

ማጠቃለያ

የደረቀና ያልሻገተ እህል፣ በደንብ የተቀቀለ ሥጋ፣ ሽንኩርትና ጨው የሌለበት ሊጥ፤ ቂጣው የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የታመመውን የሆድ ዕቃ ለመቅበር የሚወስደው ግማሽ ሰዓት የበጎቹንና የልጆቹን ጤና ይጠብቃል።