ተጨማሪ መረጃ፦ የባንክ ደብተርና ኑዛዜ

በወገዳ ከተማ ለአንዱ ልጃቸው የባንክ ውክልና ሰጥተው «ስሞት ገንዘቡ የእሱ ነው» የሚሉ ወላጆች ይሳሳታሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2232 እንደሚደነግገው፣ በመሠረቱ ውክልና ወካዩ ሲሞት ይቀራል። በደብተሩ ያለው ገንዘብ የትዳር ጓደኛ ድርሻ ከተነሣለት በኋላ ውርስ ይሆናል፤ ባንኩም የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይጠይቃል። የሕይወት መድን ግን ይለያል፤ ተጠቃሚው በውሉ በስሙ ከተጠቀሰ፣ በዚሁ ሕግ ቁጥር 827 መሠረት ገንዘቡ ከውርሱ ውጭ ነው።

የደብተሩን ገንዘብ ለመረጡት ሰው ለማስተላለፍ ኑዛዜ ያስፈልጋል። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ መነበቡና ቀኑ ይጻፍበታል፣ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። ይህ ካልተሟላ አይጸናም። እባካችሁ፣ ይህን የሚደነግገውን የዚሁን ሕግ ቁጥር 881 ለወላጆቻችሁ አንብቡላቸው።