የነህዲ ዘመድ ነዎት?

«ሩሂ ነህዲ» አለችኝ ማዳሜ፣ ሃያ ሪያል አስጨብጣ። ጂዳ ከገባሁ ገና ሁለት ሳምንቴ ነበር። ነህዲ ማለት በዐረብኛ መድኃኒት ቤት ማለት መስሎኝ ወራት ኖርኩ። ለዑምራ መካ ስንወርድም ያው ስም በየመንገዱ ተሰቅሏል። ኢሕራም የለበሰ ሰው ሽቶ ስለማይነካ ሽታ የሌለው ሳሙና፣ በእግር ብዛት ለሚላጥ ጭንም ቫዝሊን የገዛሁት ከዚያው ነው።

ስህተቴን ያረሙልኝ ከፋርማሲው ማዶ ባለው ባቃላ (ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ) ውስጥ የሚሸጡ የመናዊ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ባንኮኒው ላይ የተቀመጠ ኢቃማቸውን (የመኖሪያ ፈቃዳቸውን) አየሁ፤ የስማቸው መጨረሻ «አል ነህዲ» ይላል። «ያ ዐም፣ ያ ሁሉ ፋርማሲ የእናንተ ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«የእኔ ቢሆን እዚህ ቆሜ ሽንኩርት እመዝን ነበር?»

ነህድ በምሥራቅ የመን፣ በሐድረመውት ሸለቆ የሚኖር ጥንታዊ ጎሳ ነው። ነህዲ ማለት እንግዲህ የነህድ ሰው ማለት ነው። የሐድረመውት ሰዎች አገራቸው ደረቅ ስለሆነ ለንግድ ያልሄዱበት የለም፤ ጂዳ፣ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ጃቫ ድረስ። ሞምባሳ አድጎ ለንደን ላይ «ኪው ኒውስ» የተባለውን መጽሔት የመሠረተው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ያረፈው ጋዜጠኛ ፉአድም ነህዲ ነበር። ፋርማሲ አልነበረውም።

የፋርማሲዎቹ መሥራች ዐብደላ ዓሚር ነህዲ ናቸው፤ የጀመሩት በ1986 እ.ኤ.አ. እዚሁ ጂዳ ነው። ዛሬ ቅርንጫፉ ከ1,100 በላይ ሆኗል። በ2022 እ.ኤ.አ. 30 በመቶው ድርሻ ለሕዝብ ሲሸጥ አንዱ አክሲዮን 131 ሪያል ነበር፤ በጠቅላላው 5.1 ቢሊዮን ሪያል ገደማ ተሰበሰበበት።

እኛ አገር ሁለት ተስፋዬዎች ቢገናኙ ዝምድና የሚጠይቃቸው የለም፤ ስሙ የአባት እንጂ የዘር አይደለም። አላሙዲ ሲባል ግን ሁላችንም ባለሀብቱን ሼህ ነው የምናስበው። ዐሙዲም ከዚያው ከሐድረመውት፣ ከዋዲ ዶዓን የመጣ የትልቅ ነገድ ስም ነው፤ ጂዳ ውስጥ ሀብታሙም ደሃውም ይጠራበታል።

ሽማግሌው የደም ግፊት ክኒናቸውን የሚገዙት ከማዶው ነው። አንድ ጊዜ አብሬያቸው ተሻግሬ ነበር። ግብፃዊው ፋርማሲስት ስማቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ጽፎ ቀና ሲል፣ እሳቸው ቀደሙት፦

«ዘመድ አይደለሁም። ስንት ነው?»