አንድ ጊዜ ተነሥቶ ሌላ ጊዜ እንቢ ስለሚል የአትክልት ትራክተር

የአትክልት ትራክተር ትናንት ተነሥቶ ዛሬ እንቢ ሲል፤ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ባትሪውን ይነቅፋል፤ አዲስም ይገዛል። ነገር ግን የሚመጣና የሚሄድ ጉድለት አዘውትሮ የሚገኘው በላላ ወይም በዛገ መገናኛ ስለ ሆነ፤ ከመግዛት በፊት መለካት ይገባል።

ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ይህ ከተገኘ በኋላ፤ ማርሹ ነፃ ሆኖ ፍሬኑም ተይዞ፤ ቁልፉ ይዙር። ሶሌኖይዱ ቀጭ ብሎ ሞተሪኖው ካልዞረ፤ ቁልፉ እንደ ተያዘ ከባትሪው አሉታዊ ምሰሶ እስከ ሻንሲው ያለው ቮልት ይለካ፤ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ መገናኛው ተፈትቶ ይጠረግ፤ ይጥበቅም። አወንታዊውም ገመድ እንዲሁ ይመርመር። ድምፅ ፈጽሞ ካልተሰማ ግን፤ ፊውዙ፤ የቁልፉ ማብሪያ፤ በመቀመጫው፤ በፍሬኑና በማጨጃው ስለት ላይ ያሉት የአደጋ መከላከያ ማብሪያዎችም ተራ በተራ ይታዩ።

ሶሌኖይዱን በካቻቢቴ አገናኝቶ ማስነሣት እጅግ አደገኛ ነው፤ መከላከያዎቹን ስለሚያልፍ፤ ማርሽ ውስጥ ያለ ትራክተር በፊቱ የቆመውን ሰው ሊጨፈልቅ ይችላል። ስለዚህ የየወረዳው ሹማምንት ይህን ለባለ ትራክተሮች ሁሉ እንዲያስጠነቅቁ ያስፈልጋል።