ኡኡታን ማን አስተማረን?

እልልታም ኡኡታም የሚወጡት ከአንድ ጉሮሮ ነው። ሁለቱም ሰፈር ያሰማሉ። ሆኖም በውድቅት ሌሊት ኡኡታ የሰማ ጎረቤት «ሠርግ ይሆን?» ብሎ አይተኛም፤ ጋቢውን እንደደረበ ይወጣል። ማሽን ግን እንዲህ በቀላሉ አይግባባንም።

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ዘመድ ያስታመመ ያውቀዋል፤ «ጢጥ ጢጥ» የማይል መሣሪያ የለም። የትኛው የልብ፣ የትኛው የመድኃኒት መሆኑን ለመለየት ሲባል፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት ለየአደጋው አጫጭር ዜማ መደበ። ዜማዎቹ ግን ስለሚመሳሰሉ ነርሶች ተለማምደውም ያምታቷቸው ነበር። ዜማዎቹን በማውጣት የተሳተፉት አሜሪካዊው የሰመመን ሐኪም ፍራንክ ብሎክ በ2008 በሕክምና መጽሔት ላይ ይቅርታ ጠየቁ። (ባለሙያ እንዲህ ሲል መስማት ብርቅ ነው።) የእንግሊዙ ፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር ጁዲ ኤድዎርዚና ባልደረቦቻቸው ሌላ መንገድ ያዙ፤ ለልብ የልብ ትርታ፣ ለመድኃኒት በብልቃጥ ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ክኒን። ይህን ሰው ቶሎ ይለየዋል። በ2020 መስፈርቱ ተሻሽሎ እነዚህን የመሰሉ ድምፆች ገቡበት።

ነገሩ የሆስፒታል ብቻ አይደለም። አሜሪካ ያሉ ልጆቻችን ቤት ጣሪያው ላይ የጢስ ማስጠንቀቂያ አለ። የኦሃዮው ኔሽንዋይድ የሕፃናት ሆስፒታል ተመራማሪዎች ከ5 እስከ 12 ዓመት የሆናቸውን 176 ልጆች አስተኝተው ሞከሩት፤ ውጤቱም በ2018 ታተመ። በተለመደው ቀጭን ጩኸት የነቁት ከግማሽ ጥቂት የሚበልጡት ብቻ ናቸው። ተነሥተው እንዲወጡ በሚነግራቸው የእናታቸው ድምፅ ግን ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ነቁ፤ ግማሾቹማ በ2 ሰከንድ ውስጥ! በኋላ ሲሞከር የማያውቋት ሴት ድምፅም እንደዚያው ቀሰቀሳቸው። እንግዲህ ወላጅ «ቢጮኽ ይነሣሉ» ብሎ መተማመን የለበትም፤ ልጆቹን ማን እንደሚቀሰቅስ አስቀድሞ ይወሰን።

የአያቶች ችግር ሌላ ነው። ዕድሜ ከጆሮ አስቀድሞ የሚወስደው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፤ የተለመደው መሣሪያ ደግሞ የሚጮኸው በ3,000 ኸርዝ አካባቢ ነው። ወፈር ያለው 520 ኸርዝ የተሻለ ይቀሰቅሳል። ስለዚህ እማማን ወይም አባባን ከአገር ቤት ያመጣ ልጅ፣ ለመኝታ ክፍላቸው ይህን ዓይነቱን ቢፈልግ ገንዘቡ አይባክንም።

ቡና ሲቆላ ወይም ዕጣን ሲጨስ እየጮኸ ስላስቸገረ ባትሪውን አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ መክተት ግን መድኃኒት አይደለም። ድስቱንና ምጣዱን ትቶ ራቅ ወዳለ ቦታ ማዛወር ይቻላል።

ድምፁንም በቀን፣ ሁሉም ባለበት፣ የመሞከሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ማሰማት ነው። በአሜሪካ ሥርዓት ሦስት ጩኸት፣ ፋታ፣ እንደገና ሦስት ከሆነ ጢስ አለ ማለት ነው፤ መውጣት ነው። አልፎ አልፎ አንዴ ብቻ «ጢጥ» የሚል ከሆነ ባትሪው አልቋል። አራት ጩኸትና ፋታ ሲሆን ደግሞ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ የከሰል ጭስ የሚገድለው በእሱ ነው። ያኔ እሳት ፍለጋ ቤቱን መዞር አይገባም፤ ልጆቹንም አያቶቹንም ይዞ ደጅ መውጣትና ከዚያ መደወል ነው።