ትእዛዙ ተፈጽሟልን? ማብሪያና ማጥፊያን ከሩቅ ስለ መቆጣጠር

ከጎንደር ተነሥቶ በሸኸዲና በመተማ በኩል ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ የሚዘልቀው የ230 ኪሎ ቮልት ማስተላለፊያ መስመር በ2006 ዓ.ም. ተመርቋል። እንዲህ ባለ መስመር ኃይሉን የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው መሣሪያ ሰርኪዩት ብሬከር ይባላል። ባለሙያው በቆላው ሙቀት ከመሣሪያው አጠገብ መቆም ሳያስፈልገው፣ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ከሚገኝ የመቆጣጠሪያ ክፍል ሊያዝዘው ይችላል። ለመሆኑ ትእዛዙ በምን ይጓዛል? መፈጸሙስ እንዴት ይታወቃል?

ቀላሉ መንገድ የመዳብ ሽቦ ነው። በአንደኛው ጫፍ ቁልፍ ሲጫን ጅረት ያልፋል፤ በሌላኛው ጫፍ ያለው ሪሌይ የተባለ አነስተኛ ኤሌክትሮማግኔት ይህን ተቀብሎ ብሬከሩን ያንቀሳቅሳል። ይሁን እንጂ ሽቦው ከከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ጎን ለረጅም ርቀት ሲዘረጋ፣ ተለዋዋጩ ማግኔታዊ መስክ በውስጡ ቮልቴጅ ያመነጫል፤ የክረምት መብረቅም እንዲሁ። ማንም ያልላከው ቮልቴጅ ትእዛዝ መስሎ ሊታይ ይችላል ማለት ነው። ፋይበር ኦፕቲክ ግን ከመስታወት የተሠራ ስለሆነና የሚሸከመውም ብርሃን ስለሆነ ከዚህ ችግር ነፃ ነው። ስለዚህም በብዙ ዘመናዊ መስመሮች በምሰሶዎቹ ጫፍ ከመብረቅ እንዲከላከል በሚዘረጋው ሽቦ ውስጥ ይቀበራል።

ፍጥነቱንም እናስላ። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። 1,000 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 5 ሚሊሰከንድ፣ ደርሶ ለመመለስ 10 ሚሊሰከንድ ይበቃዋል። የአገራችን ተለዋዋጭ ጅረት በሰከንድ 50 ዑደት ስላለው አንዱ ዑደት 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ብርሃኑ በግማሽ ዑደት ደርሶ ይመለሳል ማለት ነው። እርግጥ በየ50 ኪሎ ሜትሩ የብርሃኑ ኃይል ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ስለሚወርድ በየመካከሉ ማጉያ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ፍጥነት ሳይሆን እርግጠኝነት ነው። በዚህ ምክንያት ትእዛዝ በሁለት ደረጃ እንዲሰጥ ይደረጋል። መጀመሪያ ባለሙያው ብሬከሩን ይመርጣል፤ ጣቢያው የተመረጠውን መልሶ ያሳውቃል፤ ከተስማሙ በኋላ ብቻ «ፈጽም» የሚለው ይላካል። የብሬከሩን አቋምም ሁለት መገናኛዎች ይናገራሉ፦ አንዱ መገናኘቱን፣ ሌላው መቋረጡን። ንባቡ 10 ከሆነ ተገናኝቷል፤ 01 ከሆነ ተቋርጧል። 00 ከቆየ ወይም 11 ከታየ ግን አንድ ብልሽት አለ፤ ባለሙያውም ምንም ነገር እንደ እውነት መቀበል የለበትም። በአንድ መገናኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ የተበጠሰች ሽቦ «ተቋርጧል» ብላ ባሳሳተች ነበር።

ስሕተቱ የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ስለሆነም መስመር የሚጠግን ሠራተኛ ከሩቅ በመጣ ምልክት ብቻ አይተማመንም፤ የተለያዩትን መገናኛዎች በዓይኑ ያያል፣ ኃይል አለመኖሩን በመሣሪያ ይፈትሻል፣ ማንም መልሶ እንዳያገናኘው ይቆልፋል፣ መስመሩንም ከመሬት ጋር ያገናኛል። ብርሃን መልእክቱን በቅጽበት ያደርሳል፤ መልእክቱ እውነት መሆኑን የማረጋገጡ ኃላፊነት ግን የእኛ የሰዎች ነው።