«ዐሊም» እና «አሊም»፦ ፎኒም ምንድን ነው?

በሥነ ልሳን የቃልን ትርጉም የሚለይ ድምፅ «ፎኒም» ይባላል። «ነቃ» እና «ነካ» በአንድ ድምፅ ብቻ ይለያያሉ፤ ስለዚህ ቀ እና ከ በአማርኛ ሁለት ፎኒሞች ናቸው።

ፊደል ሁሉ ግን ፎኒም አይደለም። «ዓለም» ተብሎ ተጻፈ «አለም»፣ ኮሶዬም ሆነ ጎንደር ንባቡ ያው ነው። በዐረብኛ ግን ሁለቱ ድምፆች ትርጉም ይለያሉ። «ዐሊም» ሁሉን ዐዋቂ ማለት ሲሆን ከአላህ ስሞች አንዱ ነው፤ «አሊም» ደግሞ አሳማሚ ማለት ሲሆን በቁርኣን ቅጣት ይገለጽበታል።

በአማርኛ የለመደ ጆሮ ይህን ልዩነት በቀላሉ ያልፈዋል። ስለዚህ ሀምዛን ከጉሮሮ ሥር፣ ዐይንን ከጉሮሮ መሀል እያወጣን፣ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ኡስታዝ ፊት እንለማመድ። ወላሁ አዕለም።